ቀይዋን መኪና ልሸጥ አሶሳ የሄድኩበት ሳምንት

አሶሳ ደርሼ መጣሁ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። አዎ፣ ይሞቃል። ሌላ ነገር መስማት የማይፈልግ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። እኔ የሄድኩት መኪና ልሸጥ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚያው ነው።

ሥራዬ ላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና አቃናለሁ፣ እበይዳለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። ጓደኛዬ ግርማ ደግሞ የሞተር ሰው ነው። ሁለታችን ሰባት ዓመት ሙሉ በትርፍ ጊዜያችን አንዲት ሁለት በር የጃፓን ስፖርት መኪና ስንሠራ ኖርን። ስንገዛት አንድ ፈረንጅ ግቢው ውስጥ ጥሏት የሄደች፣ ዶሮ የሚያድርባት ነበረች። ዝቅ አደረግናት፣ ሰፋፊ ጎማ አለበስናት፣ ሁለት ካርቡራተር ከዱባይ አስመጥተን ገጠምንላት፣ ማርሚታዋን ለወጥነው። ቀይ ቀባኋት። ስትመጣ ድምጿ ሦስት ሰፈር ቀድሟት ይደርስ ነበር።

ከዚያ ግርማ አንድ ምሽት ደብረ ዘይት መንገድ ላይ መብራት ሳያበራ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር ተላተመ። እግሩ ተሰበረ፤ ዛሬም ያነክሳል። የመኪናዋ ግንባር ተጨራመተ፤ ሞተሩን የሚሸከመው የሻንሲ ብረት በግራ በኩል ተቀደደ። መቀየር ነበረበት። የሚቀየር ስላልተገኘ በየድኩት፣ ሞረድኩት፣ ስቱኮ አለበስኩት፣ ቀባሁት። የት ጋ እንደበየድኩ ለማግኘት እኔ ራሴ በጣቴ መዳበስ ነበረብኝ። በሥራዬ እኮራለሁ። ልጄን ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አሳፍሬባት አላውቅም።

አዲስ አበባ ውስጥ እንደኛ በመኪና ያበደ ሰው ያን ጊዜ አሥር ቢሞላ ነው። እሁድ እሁድ ተገናኝተን አንዱ የሌላውን ኮፈን ከፍቶ ሲያደንቅና ሲያማ ይውላል። ታዲያ ግቢዬ ለመንገድ ተፈልጎ ልቀቅ ስባል፣ መኪናዋን ልሽጣት ብል፣ ከአሥሩ አንድ እንኳን «ስንት ትላለህ?» ያለኝ የለም። ሁሉም የግርማን አደጋ ያውቃል። ስለዚህ የማያውቅ ሰው ፈለግሁ። ነገሩ ይኸው ነው፤ አላስውበውም።

የተገኘው አሶሳ ነው። ወደዚያ የሚመላለስ ሾፌር ፎቶዋን ወስዶ አብዱልሙኒም ለሚባል የመለዋወጫ ነጋዴ አሳየው። ሰውየው የበርታ ተወላጅ፣ ሱዳን ያደገ፣ ከእኛ የባሰ የመኪና እብድ ነው። በስልክ ግማሽ ሰዓት ስለ ካርቡራተር ብቻ አወራን። ተመትታ ታውቃለች ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ስነሳ ግርማ መሪዋን አንዴ ዳበስ አደረገና «ትነግረዋለህ አይደል?» አለኝ። «እነግረዋለሁ» አልኩት።

ሰኞ

ዝቅ ያለች መኪና ወደ ምዕራብ መንዳት እብደት ነው። በየጎማው ሞላ መሃል እንጨት ወትፌ ከፍ አደረግኋት፤ የፊት ከንፈሯን፣ ከመከላከያዋ ሥር የሚንጠለጠለውን ፕላስቲክ፣ ፈትቼ ከኋላ ወንበር ላይ ጫንኩት። እስከ አምቦ አስፋልት ነው፣ ምንም አይወራም። ከዚያ በኋላ አቧራ። ወሩ መጋቢት ስለነበር ጾም ነው፤ ባኮ ላይ ሽሮ በላሁ። የአዲስ አበባ ሽሮ ውሃ ነው፤ የባኮው ማንኪያ ያቆማል። የምግብ ቤቱ ሰው ሁሉ ወጥቶ መኪናዋን ከበባት። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩና «ልጄ፣ ይቺ ምን በደለችህ?» አሉኝ።

ነቀምት አደርኩ። አልጋው ንጹህ፣ ትራሱ ድንጋይ።

ማክሰኞ

ጊምቢን አልፌ ነጆ ሳልደርስ አንድ ድንጋይ የሞተሩን ዘይት መያዣ በሳው። ዘይቱ መንገዱ ላይ እየተንጠባጠበ ሲከተለኝ በመስታወት አየሁትና አጠፋኋት። ወይ ጣጣ! ዙሪያው ቡና ተክልና ዝምታ ነው። እኛ ሰፈር መኪና ሲቆም አምስት ደላላና ሦስት መካኒክ በአንድ ደቂቃ ይሰበሰባል፤ እዚያ የመጣችው ጫልቱ የምትባል አንዲት ባለ ቡና ብቻ ናት። ምን እንደሆንኩ አየች፣ ቤት ገባች፣ ግማሽ የልብስ ሳሙና ይዛ ተመለሰች።

«ባሌ ሞተር ሳይክል አለው» አለች። «ሲያፈስ በዚህ ነው የሚደፍነው። በደንብ እሸው፣ ከዚያ ተወው ይድረቅ።»

ላሜራ ሠሪ ነኝ ባይ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰው፣ በሳሙና ስማር ዋልኩ። ያዘ እኮ! ባሏ ሲመጣ ዘይት ከነጆ ይዞልኝ ለመምጣት ሞተር ሳይክሉን መልሶ አስነሳ። ጨለማ ሳይመጣብህ እዚሁ እደር ብለው ግድ አሉኝ። ጫልቱ በቅቤ የራሰ ጩምቦ ልታቀርብ ተዘጋጅታ ነበር፤ ጾመኛ ነኝ ስላት ሳትከፋ አንጮቴ ቀቅላ በጨውና በሚጥሚጣ ሰጠችኝ። አንጮቴ የድንች ዘመድ የሚመስል፣ ከድንች ግን የሚኮራ ሥር ነው። ጠዋት ልከፍል ብል ባሏ «አሳፍረኸን ትሄዳለህ እንዴ?» ብሎ ኪሴን ዘጋው።

ረቡዕ

መንዲን፣ ዳቡስን፣ ባምባሲን አለፍኩ። ከዳቡስ ወዲያ አጥሩ ሁሉ ቀርከሃ ነው፣ ጥላው ሁሉ ማንጎ ነው፣ አየሩ እንደ ክፍት ምድጃ ነው። አሶሳ የደረስኩት አመሻሽ ላይ ነው። ክልሉ ገና የተቋቋመበት ጊዜ ነው፤ ከተማው ያኔ ትልቅ መንደር ነበር፤ ከቆርቆሮው ቤት ሁሉ ፊት ለፊት ግን «ቢሮ» የሚል አዲስ ታፔላ ተተክሏል፣ አንዳንዱ ቀለሙ እንኳን በደንብ አልደረቀም። ከየክፍለ ሀገሩ የተመደበ ሠራተኛና አስተማሪ ሆቴሉን ሁሉ ይዞታል፤ አንድ አልጋ ለሁለት ተካፍለው የሚያድሩ ነበሩ።

ለእኔ አልጋ መፈለግ አላስፈለገኝም። አብዱልሙኒም ነጭ ጀለቢያውን እንደለበሰ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር። የማርሚታውን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ነው የወጣው። ሰላም ሳይለኝ ኮፈኑን በሁለት እጁ ነካ።

«ወላሂ፣ ከፎቶው ይበልጣል!» አለ። አማርኛው ጥሩ ነው፤ መኪናዋን ግን እስከመጨረሻው «እሱ» እያለ ነው የጠራት። ከዚያ ዞሮ አቀፈኝ። «መርሃባ! መርሃባ ወንድሜ!»

ግቢው ሰፊ ነው። እናቱን፣ ሐጃ ዘይነብን፣ አስተዋወቀኝ፤ ጾመኛ መሆኔን ሲሰሙ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ፣ ቅቤ ሳይነካው፣ ለብቻዬ አሠርተው አመጡ። «አንተ ብላ። እዚህ ቤት አንተ ቤት» አሉኝ። ቀዝቃዛ ከርከዴ በትልቅ ብርጭቆ። እኔ ግን የመጣሁበትን ጨርሼ ሐሙስ አውቶቡስ ልይዝ ነበር ያሰብኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ሊብሬውን ከኪሴ አውጥቼ «እንግዲህ ስለ መኪናዋ...» ብዬ ጀመርኩ።

አብዱልሙኒም ወረቀቱን በእጁ ገፋ አደረገው። «ኸላስ፣ ተወው። እኛ ጋ እንግዳ ሦስት ቀን ለምን መጣህ አይባልም። ሥራ አይወራም፣ ክፉ ቃል አይወጣም። ይበላል፣ ይተኛል። በሦስተኛው ቀን እንነጋገራለን።»

እኛ ሰፈር ሻይ ሳይቀዳ ዋጋ ይጠራል። ሦስት ቀን የሰው እንጀራ እየበሉ ያንን ነገር ሆድ ውስጥ ይዞ መቀመጥ፣ እሱን አላሰብኩበትም ነበር።

ሐሙስ

ጠዋት የመኪና ወዳጆቹ መጡ። እዚያም እብድ አለ ማለት ነው፤ አንድ ከጎጃም የተመደበ የፊዚክስ አስተማሪ፣ ሁለት ሾፌሮች፣ ከሁሉም ግን ሰይድ። ሰይድ በደርግ ጊዜ ከሰፋሪ ወላጆቹ ጋር ከወሎ የመጣ በያጅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ካሉት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ይኖራል፣ ገበያው አጠገብ የብየዳ ቤት አለው። ወሎዬነቱ ከአፉ አልወጣም።

«አብሽር ወንድምዓለም» አለኝ፣ ቀለሙን በመዳፉ እያበሰ። «ይህን የቀባ እጅ ይባረክ። ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ኧረ በነቢ! እኔ በር ስቀባ እንኳን እንባ ነው የሚወርደው።»

ቀኑን ሙሉ ስለ ሥራ አወራን። ስቱኮ በሙቀት እንዴት እንደሚሰነጠቅ ነገረኝ፤ እኔ ቀለም እንዴት እንደሚቀጥን ነገርኩት። ባለ ሙያ ከባለ ሙያ ጋር ሲያወራ ዘመዱን ያገኘ ያህል ነው። ወደድኩት። ልነግረው ሁለት ጊዜ አፌ ላይ መጣ፣ ሁለቴም ዋጥኩት። ሥራ አይወራም ተብሏል እኮ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ዓርብ

ከጁምዓ ስግደት በኋላ አብዱልሙኒም እናቱን ሆሞሻ ወደምትኖረው እህታቸው ሊወስዳቸው ተነሳ። እህትየዋ ታማ ነበር። «በዚህ እንውሰዳት፣ እኔ ልንዳው» አለ፣ ወደ ቀይዋ እየጠቆመ። ለመቅመስ ያህል፣ ሽያጭ አይደለም። ምን ልበል? ቁልፉን ሰጠሁት። ሐጃ ዘይነብ ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ ከኋላ፣ ከተፈታው ከንፈር ጋር ጉልበቴን አገጬ ላይ አድርጌ።

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ቀጥ ያለ ቦታ ላይ ግን አብዱልሙኒም አላስቻለውም። ሞተሩ ሲጮህ ሐጃ እንደ ልጃገረድ ሳቁ። እኔ የግራ ጎማው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ብረቱን አዳምጣለሁ። ሰባ፣ ሰማንያ፣ ዘጠና። «ቀስ በል እባክህ» አልኩ፣ «ጎማው ያረጀ ነው።» ጎማው አዲስ ነበር። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

ሆሞሻ ሁለቱ እህትማማቾች እጅ ለእጅ ተያይዘው በበርታ ሲያወሩ ዋሉ። እኔ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጬ ቢላዋ ሳላነሳ ስድስት ማንጎ በጥርሴ ላጥሁ። አዲስ አበባ ማንጎ በኪሎ ተመዝኖ የሚገዛ ቅንጦት ነው፤ እዚያ ፍየል ይጠግበዋል። ስንመለስ እንደ መታደል አብዱልሙኒም ቀስ ብሎ ነዳ፤ እናቱ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ሌሊት አልተኛሁም፤ ሙቀቱ ነው አልኩ ሲጠይቁኝ።

ቅዳሜ

ሦስተኛው ቀን። ሰይድ ሞላው ውስጥ ያለውን እንጨት ሊያወጣልን ክሪክ ይዞ መጣ፤ አብዱልሙኒም በእውነተኛ ቁመቷ፣ ዝቅ ብላ፣ ሊያያት ፈልጓል። ወዳጆቹ ሁሉ ማንጎው ሥር ተሰብስበዋል። ሰይድ ከሥሯ ገባ። እንጨቶቹን አወጣ። ከዚያ ብረቱን በመፍቻ ቀስ እያደረገ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ ማድረጉ ይሰማኛል። የበየድኩበት ጋ ደረሰ። አለፈው። ሰይድን የሚያክል በያጅ አለፈው!

ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ሥራዬ ፈተና አለፈ።

ሰይድ በጀርባው ተንሸራትቶ ወጣ፣ ፊቱን በክንዱ ጠረገና ቆመ። «አብዱልሙኒም፣ ግዛ» አለ። «ይቺ መኪና ከተሠራች ጀምሮ ምንም አልነካትም። እኔ ዋስ ነኝ። አንድ ነገር ብትሆን ሰይድ በያጅ ነው ብላችሁ አትጥሩኝ።»

እዚያ ከተማ ሰይድ ያለው ስሙ ነው። ከአባቱ የወረሰው መሬት ዝናብ ሲቀር አያበላም፤ የሚያበላው ሰዎች «ሰይድ ካየው ይበቃል» ስለሚሉ ነው። ያንን ስም አውጥቶ የኔ ስቱኮ ላይ አስቀመጠው።

«ሰይድ፣ ቃልህን መልስ» አልኩ። «ተመትታለች። እኔ ነኝ የበየድኳት።»

ቢላዋ ጠየቅሁ። ከሥሯ ገባሁና የገዛ ቀለሜን፣ የገዛ ስቱኮዬን መፋቅ ጀመርኩ። ሰይድ አጠገቤ ተኛ። ብየዳው ወጣ፤ እንዳለ ነው፣ አልተነቃነቀም። ከብየዳው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ነበር። አላውቀውም። እኔ የሠራሁት ቦታ አይደለም።

ሰይድ በጥፍሩ ነካው። «ውስጡ ያብረቀርቃል» አለ ቀስ ብሎ። «ዝገት የለውም። ይህ የዚህ ሳምንት ነው።»

ከነቀምት ይሁን ከነጆ፣ ከሆሞሻ ይሁን፣ ማንም አያውቅም። ስንወጣ አብዱልሙኒም ቆሞ ይጠብቃል። ሰይድ ነገረው። አብዱልሙኒም ወደ ፊት ወንበሩ፣ እናቱ ትናንት ተቀምጠውበት ወደነበረው፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ዞረና ወደ ቤት ገባ። ምሳዬ እንደ ሁልጊዜው ለብቻዬ፣ ቅቤ ሳይነካው መጣልኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ሰግዶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። «ሦስቱ ቀን አለቀ» አለ። «አሁን እንግዳ አይደለህም፣ መናገር እችላለሁ።»

«ተናገር።»

«ሞተሩንና ካምቢዮውን እገዛለሁ፣ ጥሩ ሥራ ነው። የቀረውን ሰይድ ይቆርጠዋል፤ ያ ብረት ሌላ ሰው እጅ መግባት የለበትም።» ፊቱን ወደኔ አዞረ። «ዛሬ ለሰይድ ስም ብለህ ተናገርክ። እሱን አይቻለሁ፣ ወላሂ አከበርኩህ። ትናንት ግን እናቴ ከፊት ነበረች። ዘጠና ስነዳ ስለ ጎማ ነው የነገርከኝ። ለሰይድ ስም የወጣ ቃል፣ ለእናቴ ነፍስ ለምን አልወጣም?»

ብዙ መልስ አለኝ፤ ሦስት ቀን ሥራ አይወራም ብላችኋል፣ ብየዳዬ አልተለቀቀም፣ እኔም ከኋላ ነበርኩ።

«አላውቅም» አልኩት። «አፍሬያለሁ።»

«እኔም ያንን ነው ያየሁት» አለና ተነሳ። «ለእናቴ አልነገርኳትም። መንገር ከፈለግህ አንተ ንገራት።»

እሁድ

አውቶቡሱ የሚነሳው ማለዳ ነው። ትናንት ማታ በፋኖስ ብርሃን ከሰይድ ጋር ሞተሩን አውጥተናል፤ ሰባት ዓመት የፈጀው ነገር በአራት ሰዓት ውስጥ ተፈታ። ቀዩ ቀፎ ብየዳ ቤቱ ጓሮ ቀርቷል። ሰይድ ሊሸኘኝ መጥቶ እጄን ሲጨብጥ «ለኔ ያደረግኸውን አልረሳም» አለኝ። ምስጋናው ከበደኝ።

አብዱልሙኒም ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ መናኸሪያ አደረሰኝ። ሐጃ ዘይነብ ቤት ይቀራሉ ብዬ ነበር፤ አንድ ዘንቢል ማንጎ አስይዘው ተከትለውን መጡ። ለልጅህ ውሰድ አሉኝ። ከዚያ ሁለቱንም እጄን ያዙ።

«እህቴ አርጅቷል፣ ታሟል» አሉኝ በዚያች ቀጥ ባለች አማርኛቸው። «እኔ አውቶቡስ አልችልም። አንተ መኪና አመጣህ፣ እህቴን አየሁ። አንተ ጥሩ ሰው። አላህ ልጅህን ከክፉ መንገድ ይጠብቅ።»

አብዱልሙኒም ሻንጣዬን እንደያዘ ቆሞ አፌን ያይ ነበር። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። ሐጃ እጄን አልለቀቁም፤ ይጠብቃሉ።

«አሜን» አልኳቸው።

አብዱልሙኒም ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀመጠና ሳይሰናበተኝ ሄደ።